ከጥርስ እስከ ዳሌ

የናዝሬት (የዛሬዋ አዳማ) ልጅ መሆኔን ሳልናገር ጥርሴ ይናገርብኛል። አዲስ አበባ ለትምህርት በመጣሁ ጊዜ ጓደኞቼ ሲጋራ መቼ እንደጀመርኩ ይጠይቁኝ ነበር። አጭሼ አላውቅም። ቡናማውን ቀለም ያመጣው በውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ነው፤ ጥርስን የሚያበላሸው ገና ድድ ሥር ሳለ ነው።

የአጎቴ ጥርስ ግን ነጭ ነው። ከደጋ የወረደው ጎልማሳ ሆኖ ነው፤ በአንዲት የስምጥ ሸለቆ ከተማ አናጢ ሆነ። ሃያ ዓመት ሳይሞላው ጠዋት ጠዋት ወገቡን ያዝ ያደርገው ጀመር። ብርድ ነው ተባለ፤ ሶደሬ ፍልውሃ ተመላለሰ። ቀጥሎ ዱካ ላይ መቀመጥ አቃተው፤ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሲያስጠጋ ዳሌው ውስጥ አጥንት ከአጥንት ይጋጭበታል። ሰው ሲጠራው አንገቱን ሳይሆን መላ ሰውነቱን ነው የሚያዞረው። ሰፈርተኛው "ኮርቷል" ብሎ አማው።

ፍሎራይድ የካልሲየም ወዳጅ ነው፤ አጥንት ደግሞ የካልሲየም ጎተራ። ለዓመታት እየተጠራቀመ አጥንቱን ያወፍራል፣ ጅማቱን ያደነድናል፣ በመጋጠሚያው ዙሪያ ትርፍ አጥንት ያበቅላል። በስፖርተኞች ላይ የሚታየው የዳሌ አጥንት ግጭትም ከትርፍ አጥንት የሚመጣ ነው፤ የአጎቴ ግን ከአንገት ጀምሮ ነው። ሲብስ ህብለ ሰረሰርን ተጭኖ እግርን ያሰንፋል። ዶክተር ረዳ ተክለሃይማኖት ስለዚህ የነርቭ ጉዳት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 ጽፈዋል።

የሚያንገበግበኝ፣ አጎቴ የጠጣው ቆሻሻ ውሃ አለመሆኑ ነው። የአዋሽን ድፍርስ ትቶ ኩል የመሰለውን የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ መረጠ። በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ የከረመ ውሃ ግን ፍሎራይዱን አሟሙቶ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በሸለቆው ከ10 ያለፈባቸው ጉድጓዶች አሉ። ማፍላትም አይረዳም፤ እንፋሎቱ ይሄዳል፣ ፍሎራይዱ ይቀራል።

የሚረዳው ከተገኘ የተጣራ የወንዝ ውሃ ነው፤ ካልሆነም በአልሙኒየም ሰልፌትና በኖራ፣ ወይም በአጥንት ከሰል ማጣራት። የመጨረሻው ተቃጥሎ የከሰለ የከብት አጥንት ነው፤ ውሃው በላዩ ሲያልፍ ፍሎራይዱን ይይዛል። ይህን ለአጎቴ ባጫውተው ከልቡ ሳቀ።

"አንተ ልጅ፣ የእኔስ አጥንት እስከዛሬ ምን ሲሠራ የኖረ መሰለህ?" አለኝ።