ሦስት ውሃ በአንድ መንገድ፦ ከአምቦ እስከ ወንጪ፣ ከወንዙ እስከ ሳሎናችን ዓሦች

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ ለብዙ ቤተሰቦች የእረፍት ቀን መንገድ ነው። በጠዋት ተነስቶ በአምቦ ፍልውሃ መዋኘት፣ ጉደር ፏፏቴ ዘንድ ፎቶ መነሳት፣ ጊዜ ካለም ወንጪን አይቶ በወሊሶ በኩል መመለስ የተለመደ ነው። በዚህ እትም ይህንኑ መንገድ ለየት ባለ ምክንያት እንጓዘዋለን።

ምክንያቱ ሳሎናችን ውስጥ ያለው የመስታወት ገንዳ ነው። አኳሪየም ያለው ቤት ታሪኩ ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል። ልጆች ይለምናሉ፣ ወላጅ ይሸነፋል። ከሱቅ በቀለማቸው ያማሩ ስድስት ሰባት ዓሦች ተመርጠው በላስቲክ ከረጢት ይመጣሉ። በሳምንቱ አንዱ ጅራቱ ተቦጭቆ፣ ሌላው ደብዛው ጠፍቶ፣ ሦስተኛው በጎኑ ተንሳፎ ይገኛል። ልጅ ያለቅሳል፣ ወላጅ ሻጩን ይወቅሳል። ብዙውን ጊዜ ግን ዓሦቹ ታመው አልመጡም። አብረው መኖር የማይችሉ ፍጥረታት በአንድ ውሃ ተገናኝተው ነው።

ማን ከማን ጋር ይኖራል? ለዚህ ጥያቄ ምዕራብ ሸዋ ጥሩ መምህር ነው። በአንድ ቀን ዙር ጉዞ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ የሦስት ወንዞችን ተፋሰስ እናያለንና።

ጊንጪ፦ ውሃ የሚለያይበት ከፍታ

ሆለታን ከንብ ምርምሯ ጋር፣ አዲስ ዓለምን ከአጼ ምኒልክ ዘመን ማርያም ቤተ ክርስቲያኗ ጋር አልፈን ወደ ጊንጪ እንጠጋለን። ግራና ቀኙ የጤፍና የስንዴ ማሳ ነው። አዋሽ የሚነሳው ከዚሁ ከጊንጪ አካባቢ ከፍታዎች ነው። እዚህ ልጅ የሚሻገረው ጅረት ሆኖ የሚታየው ውሃ ስምጥ ሸለቆን አቋርጦ በአፋር በረሃ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያልቃል። ባሕር አይደርስም።

ጊንጪን አለፍ እንዳልን ደግሞ ውሃው ፊቱን ያዞራል። ከደንዲ ሐይቅ አካባቢ ወርዶ በአምቦ ከተማ የሚያልፈው ሁሉቃ ወደ ጉደር፣ ጉደር ወደ አባይ፣ አባይም ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይጓዛል። በስተደቡብ ከወንጪ አካባቢ የሚነሳው ዋልጋ ደግሞ ወደ ግቤና ወደ ኦሞ ሄዶ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ከአንድ ሰማይ የወረደ ዝናብ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ልዩነት በረሃ፣ ባሕርና ሐይቅ ብሎ ይለያያል። በእያንዳንዱ ውሃ የኖረ ዓሣም በዚያው ውሃ ሙቀት፣ ማዕድንና ፍጥነት ተቀርጿል።

ከሱቅ የምንገዛቸው ዓሦችም እንዲሁ ናቸው። አንዱ ዘሩ ከአማዞን ደን ጥላ ሥር፣ ሌላው ከመካከለኛው አሜሪካ፣ ሦስተኛው ከታይላንድ የሩዝ ማሳ፣ አራተኛው ከማላዊ ሐይቅ ድንጋዮች መካከል ነው። ሱቁ ጎን ለጎን ስላስቀመጣቸው ጎረቤት አይሆኑም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ “የትኛው ያምራል?” ሳይሆን “የማን ውሃ ልጅ ነው?” የሚለው ይሁን።

አምቦ፦ ውሃ ጠባይ አለው

ከአዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አምቦ ስንደርስ ጥያቄው ምላስ ላይ ይመጣል። የአምቦ ውሃ ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ በጠርሙስ ሲሸጥ የኖረ በመሆኑ ስሙ ለማንኛውም ጋዝ ያለው ውሃ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። ከመሬት ሥር በአለት መካከል ሲያልፍ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይዞ ይወጣል፤ ጋዙም የተፈጥሮ ነው። አንድ ብርጭቆ አምቦና አንድ ብርጭቆ የዝናብ ውሃ ለልጅ ቢያቀምሱ “ውሃ ሁሉ አንድ ነው” የሚለው አባባል እዚያው ያበቃል። ዓሣ ደግሞ ይህን ልዩነት የሚቀምሰው በምላሱ ብቻ አይደለም። በስንጥቡና በቆዳው ቀኑን ሙሉ ይኖርበታል።

ማዕድን የበዛበትን ውሃ የሚወዱ አሉ። ጋፒ፣ ሞሊ፣ ፕላቲና ሶርድቴይል የሚባሉት፣ እንቁላል ሳይጥሉ ጫጩት የሚወልዱት ዓሦች ከዚህ ወገን ናቸው። የማላዊ ሐይቅ ዓሦችም እንዲሁ ናቸው፤ እነሱ ግን ቁጡዎች ስለሆኑ ለብቻቸው ገንዳ ይፈልጋሉ። በሌላው ወገን ማዕድኑ ያነሰና ወደ አሲድነት ያዘነበለ ውሃ የለመዱት የአማዞን ልጆች አሉ። ሰማያዊና ቀይ መስመር ያለው ትንሹ ኒዮን ቴትራ፣ ከሥር እየጫረ የሚበላው ኮሪዶራስና ክንፈ ረጅሙ ኤንጅልፊሽ ከእነዚህ ይመደባሉ። በእርባታ የተገኙ ዓሦች ከዱር ዘመዶቻቸው የበለጠ ቻይ ቢሆኑም፣ ኒዮንን ከሞሊ ጋር ማኖር አንደኛውን ሁልጊዜ በማይመቸው ቤት ማኖር ነው። ወዲያው አይሞትም፤ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ በቀላሉ ይታመማል፣ ዕድሜው ያጥራል።

የቤትዎ ውሃ የትኛው ነው? ማንቆርቆሪያውን ይክፈቱ። ግርጌው ላይ ነጭ ቅርፊት ከጋገረ፣ ሳሙናም አረፋ አልሰጥ ካለ፣ ማዕድን የበዛበት ውሃ ነው። መመርመሪያ ወረቀት ካገኙ ደግሞ በትክክል ይነግርዎታል። ከዚያ ውሃውን ለዓሣው ከመለወጥ ይልቅ ዓሣውን ለውሃው መምረጥ ይቀላል፣ ይረክሳልም። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ፦ የጠርሙስ አምቦ ውሃ ገንዳ ውስጥ አይጨመርም። ለእኛ የሚጣፍጠው ጋዝ ዓሣን ያፍናል።

ጉደር፦ ብርድና ትንፋሽ

ከአምቦ ወደ ምዕራብ ትንሽ ነዳ ሲሉ ጉደር ነው። ፏፏቴው በክረምት ማግስት ሲያስገመግም ከውሃ ጋር አየር ሲደባለቅ በዓይን ይታያል። እንዲህ ባለ ወራጅ ውሃ የሚኖር ዓሣ ብርድ የለመደና ብዙ ኦክስጅን የሚፈልግ ነው። በደጋ ወንዞቻችን ከሚገኙት አንዱ፣ ጋራ ተብሎ በሚጠራው ወገን ያለው ትንሽ ዓሣ፣ ጎርፍ እንዳይወስደው ከአገጩ ሥር ባለው መጣበቂያ ድንጋይ ላይ ይለጠፋል።

አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከዚያም ትበልጣለች። ይህ ከፍታ ለአኳሪየም ሁለት ነገር ያመጣል። አንደኛው ብርድ ነው። አብዛኞቹ የሞቃት አገር ዓሦች ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋሉ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ግን የደጋ ቤት ከዚህ እጅግ ይወርዳል። ስለዚህ ቴርሞስታት ያለው ውሃ ማሞቂያ ግድ ነው። ሁለተኛው ትንፋሽ ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በውጭ አገር መመሪያ ላይ “ለዚህ ገንዳ 20 ዓሣ” ተብሎ የተጻፈውን እኛ ቀነስ አድርገን፣ አየር መንፊያም ጨምረን ማንበብ አለብን።

መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ይሸፍኑ፤ ከላይ ለአየር ክፍተት ይተዉ። መብራት እስኪመለስ ምግብ አይስጡ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አየር መንፊያ መያዝም ጥሩ ነው።

ሙቀትም የጎረቤት መለያ ነው። ጎልድፊሽ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው፤ ያለ ማሞቂያ በደጋ ቤት ይኖራል። ከጋፒ ጋር ሲቀመጥ ግን አንዱ ይበርደዋል ወይም ሌላው ይሞቀዋል። በዚያ ላይ ጎልድፊሽ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሚያድግና ብዙ ስለሚያቆሽሽ ሰፊ ገንዳ ለብቻው ይሻል። ማሞቂያ ለማይገዛ ቤት ሌላው ምርጫ ዜብራ ዳኒዮ ነው። ትንሽ፣ ፈጣንና ብርድ ቻይ ነው።

ወንጪ፦ ጠባብ ቤት፣ የተለያየ ፎቅ

ከአምቦ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ስንል መንገዱ እየቀዘቀዘ ሄዶ ወንጪ ይገለጣል። በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ፣ በመካከሉ የቂርቆስ ገዳም ያለበት ደሴት፣ ዙሪያውን ገደልና ማሳ ይታያል። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል መድቧታል። ከአፋፉ ቆሞ ለሚያየው ወንጪ የተፈጥሮ ገንዳ ይመስላል፤ ዳር አለው፣ ልክ አለው።

የእኛ ገንዳ ደግሞ ከዚህ በብዙ ሚሊዮን እጥፍ ያነሰ ነው፤ የተሸነፈ መሸሻ የለውም። ስለዚህ ከውሃውና ከሙቀቱ ቀጥሎ ሦስት ነገር ይታያል።

አፍ። ዓሣ አፉ ውስጥ የሚገባውን ሁሉ ምግብ ነው ብሎ ያምናል። ኤንጅልፊሽ በሱቅ ሳለ እንደ ሳንቲም ትንሽ ነው፤ ሲያድግ ግን ኒዮኖቹን አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል። ደብዛው ጠፋ የምንለው ዓሣ ብዙ ጊዜ የጎረቤቱ ሆድ ውስጥ ነው። ስትገዙ የዛሬውን መጠን ሳይሆን ሲያድግ የሚደርስበትን ጠይቁ።

ጠባይ። ሁለት ወንድ ቤታዎች በአንድ ገንዳ ውስጥ አንዱ እስኪሞት ሊዋጉ ይችላሉ። ታይገር ባርብ የረጃጅም ክንፍ ባለቤቶችን ጭራ እየነከሰ ያሰቃያል፤ ከጋፒና ከቤታ ይራቅ። በተቃራኒው ኒዮን፣ ኮሪዶራስና ዳኒዮ ብቸኝነት ያስጨንቃቸዋል፤ ቢያንስ ስድስት ሆነው ይገዙ። ጋፒና ፕላቲ ከሆኑ ለአንድ ወንድ ሁለት ሦስት ሴት ይሁን፤ አለዚያ ወንዶቹ ሴቷን እያሳደዱ ያደክሟታል። ጫጩት እንዲበዛ የማይፈልግ ወንዶችን ብቻ ይግዛ።

ፎቅ። ገንዳ ላይ፣ መካከልና ሥር አለው። ዳኒዮ ላይኛውን፣ ኒዮን መካከለኛውን፣ ኮሪዶራስ የታችኛውን ይወዳል። ሁሉም በአንድ ፎቅ ከሆኑ ይጋፋሉ፤ ከተከፋፈሉ ያው ገንዳ ሰፊ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ስንደምር 100 ሊትር ለሚይዝ ገንዳ ሦስት ሰላማዊ ቤተሰብ መመሥረት ይቻላል። ማዕድን ለበዛበት ውሃ ስድስት ፕላቲና ስድስት ወንድ ጋፒ፤ ማዕድን ላነሰው ስምንት ኒዮንና ስድስት ኮሪዶራስ፤ ማሞቂያ ለሌለው ቤት አሥር ዜብራ ዳኒዮ።

ሰበታ፦ ሳይቸኩሉ መግዛት

ከወንጪ በወሊሶና በቱሉ ቦሎ አድርገን ስንመለስ አዲስ አበባ ልንገባ ስንል ሰበታን እናገኛለን። የብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ያለው እዚህ ነው። ሥራው ለምግብ በሚሆኑ ዓሦች ላይ ቢሆንም፣ የዓሣ እርባታ ዕውቀት ለሳሎናችንም ይተርፋል። አርቢዎች ቆሮሶን ከአምባዛ ጋር በአንድ ኩሬ የሚያኖሩት ፍቅር እንዲኖራቸው አይደለም። ቆሮሶ ከልክ በላይ ስለሚራባ አምባዛው ጫጩቶቹን እየበላ እንዲያሳሳቸው ነው። አርቢው ማን ማንን እንደሚበላ አስቀድሞ ያውቃል፤ የሳሎን ባለቤት ግን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ከሆነ በኋላ ነው።

አርቢ የሚያውቀው ሌላው ነገር ውሃ ካልበሰለ ዓሣ እንደማይገባበት ነው። የዓሣ ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። ማጣሪያው ላይ የሚራቡ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይህን መርዝ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። እነሱ እስኪበቁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ጥቂት ቻይ ዓሦች ብቻ ይግቡ፤ ሌሎቹ በሁለት ሳምንት ልዩነት ቀስ በቀስ ይጨመሩ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ በባልዲ አንድ ቀን ይደር። በየሳምንቱ አንድ አራተኛው ይቀየር እንጂ ሁሉም አይደፋ። አዲስ ዓሣ ሲመጣ ከረጢቱ ገንዳው ላይ ለ20 ደቂቃ ይንሳፈፍ፣ ሙቀቱ ሲተካከል ይለቀቅ።

ወንዙን ለባለቤቱ

አንዳንድ ቤተሰብ ዓሣ ሲበዛበት ወይም ሲሰለቸው “ከምንገድለው ነፃነቱን እንስጠው” ብሎ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ ይለቃል። ከሳሎን ወደ ሁሉቃ ወይም ወደ ወንጪ የሚጨመር ጎልድፊሽ ግን ነፃ አይወጣም። ወይ በረሃብ ይሞታል፣ ወይ ይራባል፤ የከፋው ሁለተኛው ነው። ጎልድፊሽ ሥሩን እየቆፈረ ውሃ ያደፈርሳል፣ ያልለመዱትን በሽታ ለአገሬው ዓሣ ያስተላልፋል።

በቪክቶሪያ ሐይቅ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹና 60ዎቹ ናይል ፐርች የተባለው ትልቅ ዓሣ ተጨምሮበት፣ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ የዓሣ ዝርያዎች ጠፉ ወይም ተመናመኑ። እኛም በጣና ብቻ የሚገኙ ከደርዘን በላይ የቢልጫ ዝርያዎች አሉን። የሸዋ ደጋ ጅረቶችም የራሳቸው ልጆች አሏቸው።

የተረፈዎትን ዓሣ ለሱቁ ይመልሱ ወይም ገንዳ ላለው ወዳጅ ይስጡ። ከጉዞ ስትመለሱም ከጉደር ወይም ከወንጪ ዓሣ በጀሪካን አታምጡ፤ የወንዝ ዓሣ በሳሎን አይበረክትም። ልጆቹ ዓሣ ከፈለጉ መጀመሪያ ወደ አምቦ ይውሰዷቸው፣ ውሃውን ያቅምሷቸው፣ ጊንጪ ላይ ቆማችሁ ውሃ ወዴት ወዴት እንደሚሄድ አሳዩአቸው። ወደ ሱቅ የምትሄዱት ከዚያ በኋላ ይሁን፤ ያኔ ልጁ ራሱ “ይሄ የማን ውሃ ልጅ ነው?” ብሎ ሻጩን ይጠይቃል።