ከየት? ወደ የት?

እንደው ለመሆኑ ኮምፒውተር ሲያቃስት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ! ከምሽቱ 5 ሰዓት፣ ሰፈሩ ጭር ባለበት፣ አሮጌዋ ላፕቶፔ “ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ…” ማለት ጀመረች። ቡና አፍልቼ፣ አቦሉን ጠጥቼ ስመለስ እንኳን ገና ተከፍታ አላለቀችም።

ተራ እቃ ብትሆን ኖሮ ግድ አልነበረኝም። ግን ታላቅ እህቴ ቤሩት ሰው ቤት ሠርታ ባገኘችው ገንዘብ የላከችልኝ ናት። ከዚያም በላይ እማዬ ያለችው እዚያ ውስጥ ነው። እማዬ ታማ በተኛችባቸው ወራት ለእህቴ ይሆናል እያልኩ በስልክ የቀረጽኩት ቪዲዮ ሁሉ እዚያ ነው የተቀመጠው። ስልኩ ከተሰረቀ ቆይቷል። እህቴ ለቀብር አልደረሰችም። “ብቻዬን ማየት አልችልም፤ ለፋሲካ ስመጣ አብረን እናየዋለን” ብላኛለች። እንግዲህ ፋሲካ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው ይቺ ጉደኛ ማቃሰት የጀመረችው!

የሰፈራችን ኮምፒውተር ጠጋኝ ጆሮውን አስጠግቶ እንደ ሐኪም አዳመጣትና “እህትዬ፣ ሀርድ ዲስኩ እየሞተ ነው” አለኝ። አሮጌው ሀርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ ዕድሜ ሲጫነው ይደክማል። አዲሱ ኤስኤስዲ የሚባለው ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ፍጥነቱም አይገናኝም። “ዊንዶውሱን ከነነፍሱ ወደ አዲሱ ማዛወር ነው” አለና ዋጋውን ጠራ። ዋጋውን ስሰማ “እኔው እሞክረዋለሁ!” አልኩ። ድፍረት እኮ በነጻ ነው።

ባለ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ ገዛሁ። አሮጌው 500 ጊጋ ቢሆንም ውስጡ ያለው 150 ስለማይሞላ ይበቃል። በኬብል አገናኘሁና ዊንዶውስ ያለበትን “ሲ” የሚባለውን ክፍል ኮፒ፣ ፔስት አደረግኩ። እማዬ ያለችው “ዲ” ላይ ነው፤ እሱ ይደርሳል ብዬ ተውኩት። ሌሊቱን ሙሉ ሲገለበጥ አደረ። አንዳንዱ ፋይል “ሥራ ላይ ነኝ” ብሎ እምቢ አለ፤ ዘለልኩት። ጠዋት አዲሱን ገጥሜ ስከፍት… ጥቁር ስክሪን!

ልጁ ሲሰማ በሳቅ ሊሞት! “እቃውን አጓጉዘሽ የቤቱን ቁልፍ ረሳሽው እኮ!” አለኝ። ለካ ዊንዶውስ የሚነሳበት ትንሽዬ ድብቅ ክፍል አለች። ብዙ ጊዜ 100 ሜጋ አካባቢ ናት፤ ለዓይን አትታይም፤ ኮፒ ፔስትም አይነካትም። እሷን ጨምሮ ዲስኩን እንዳለ የሚገለብጠው ክሎን የሚሉት ፕሮግራም ነው።

አሮጌውን መልሼ ገጠምኩና ፕሮግራሙን ጫንኩ። የሚጠይቃችሁ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ከየት? ወደ የት? ከሌሊቱ 6 ሰዓት አልፏል፤ ዓይኔ ተንጠልጥሏል። ሁለቱንም መረጥኩ። “ወደ የት ባልሽው ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል” የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። ማን ያነባል? “እሺ” የሚለውን ልጫን እጄን ስዘረጋ… መብራት ሄደ! የላፕቶፗ ባትሪ ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ እሷም አብራ ድርግም አለች። መብራቱንም ዕድሌንም ረግሜ ተኛሁ።

ጠዋት ያንኑ ገጽ በቀን ዓይን ሳየው ጉልበቴ ከዳኝ። ማታ “ከየት” ብዬ የመረጥኩት ከታች ያለውን ነበር። ከታች ያለው 240 ጊጋ ነው፤ አዲሱ! “ወደ የት” ያልኩት ደግሞ ባለ 500ውን፤ የእማዬን! አንድ ጣት ነበር የቀረኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የመብራት መጥፋትን አመሰገንኩ።

ወዳጆቼ፣ መብራት ሁልጊዜ በሰዓቱ አይሄድላችሁም! ስለዚህ ስሙኝ። መጀመሪያ፣ በገንዘብ የማይተካውን ነገር ወደ ሦስተኛ ቦታ፣ ወደ ፍላሽም ሆነ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። የሚያቃስት ዲስክ ደግሞ በክሎኑ መሐል ትንፋሹ ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ይሄ ለነገ አይባልም። ሁለተኛ፣ የሁለቱን ዲስኮች ስምና መጠን ወረቀት ላይ ጻፉና እያያችሁ ምረጡ። እንቅልፍ ከመጣ ተኙ። ሦስተኛ፣ ሲያልቅ አሮጌውን ንቀሉና በአዲሱ ብቻ አስነሱ። ከተነሳም አሮጌውን ቶሎ አታጥፉት፤ ጥቂት ሳምንታት መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።

ደግሞ ክሎን አመልንም ይዞ ነው የሚሄደው። ቫይረስ ካለ ቫይረሱ አብሮ ይገባል። ዊንዶውስ 10 ከሆነም ያው ዊንዶውስ 10 ነው፤ የእሱ መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ቤት መቀየር ብቻውን ሰው አይቀይርም አይደል?

እኔም ቪዲዮዎቹን መጀመሪያ በፍላሽ አስቀርቼ፣ ከየት ወደ የት የሚለውን ሦስት ጊዜ አንብቤ ተጫንኩ። ሲያልቅ ላፕቶፗ ቡና ሳልጥድ ተነሳች!

የፋሲካ ማግስት እህቴ ከአጠገቤ ተቀመጠች። እማዬ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለችና በዚያች በደከመች ድምጿ “ልጄ፣ በልተሻል? እዚያ ይበርዳል፤ ደርቢ” አለቻት። እህቴ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። ቡናው ቀዘቀዘ፤ ማናችንም አልነካነውም። ስትመለስ አንዱን ፍላሽ ይዛ ሄደች፤ እማዬ አሁን ሦስት ቦታ ናት።

የዚያችን ሌሊት ጉድ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም… ይሄን ጋዜጣ ካላገኘችው በስተቀር!