ግመል የገዙት ሽማግሌ

በጥር 2015 ዓ.ም. ለሥራ ጉዳይ ቦረና ወረድሁ። ከ2013 ዓ.ም. መግቢያ አንሥቶ አምስት የዝናብ ወቅቶች በላይ በላዩ ከድተው ነበርና፣ ከዱብሉቅ መንገድ ግራና ቀኝ የሞቱ ከብቶች ተረፍርፈው አየሁ።

በእጄ የአየር ትንበያ ወረቀት ይዤአለሁ። በሆዴ የያዝሁት ግን ሌላ ነበር፤ አልደብቅም፣ ንቀት ነው። «እነዚህ ሰዎች የከብት አንጀት እያዩ ዝናብ ሲጠብቁ ንብረታቸው አለቀ» እል ነበር።

ያገኘኋቸው ሽማግሌ ከኤላው አጠገብ ግመል ያጠጣሉ። ልጃቸው እያስተረጐመልኝ፣ «አባቴ፣ ድርቁ እንደሚመጣ አንጀቱ አልነገራችሁም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ዐይናቸውን ከግመሏ ሳያነሡ መለሱልኝ።

«ነግሮናል እንጂ! ከዋክብት የሚያነቡት አዋቂዎቻችንም ነግረውናል። ግን ማወቁ ብቻውን ምን ያደርጋል? ድሮ የመጋቢቱ ዝናብ ሲከዳን የመስከረሙ ሐገያ ይክሰናል። ሁለቱም ከከዱን ከብታችንን ነድተን ዝናብ ወደ ጣለበት እንሄዳለን። ዛሬ ወዴት እንሂድ፣ ልጄ? ግማሹ ታጥሯል፤ ግማሹ ታርሷል፤ የቀረውን እሾህ ውጦታል።»

የእሾሁ ነገር ቈይቶ ገባኝ። ቦረና የግጦሹን መሬት በየጊዜው እያቃጠለ ቁጥቋጦውን ይገታ ኖሯል። በደርግ ዘመን ቃጠሎ ተከለከለ፤ እሾሁም ሣሩን አሸነፈው። ከልካዮቹ እንደ እኔ ወረቀት የያዙ ሰዎች ነበሩ።

ላም ሣር ካጣች ትሞታለች፤ ግመል ግን እሾሁን ቀርጥፋ ትከርማለች። ሽማግሌውም ከእልቂቱ የተረፉትን ጥቂት ላሞች ሸጠው ግመል ገዙ። «ብልህነት ነው» አልኋቸው። ዝም አሉ።

ልጃቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለቦረና ከብት ክብሩ ነው። አባቴ የእያንዳንዷን ላም እናትና አያት ያውቁ ነበር። የዚችን ግመል እናት ግን አያውቋትም» አለኝ።

«ጎሳችሁስ? ቡሳ ጎኖፋ የምትሉት፣ ከብት ላለቀበት ሰው ከብት አዋጥቶ የማቋቋም ሥርዐት አላችሁ አይደል?»

«አለን። ዘንድሮ ግን የሁሉም አለቀ። ማን ለማን ያዋጣ?»

የምመልሰው አጣሁ። ትንበያዬን ማን ይሻዋል? ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትሁት።

ስሰናበታቸው ሽማግሌው በጮጮ የግመል ወተት አቀረቡልኝ። ጠጣሁና ጮጮውን መልሼ ዘረጋሁላቸው። እሳቸው ግን በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

«አንተ ጨርሰው፤ እኔ አልለመድሁትም» አሉኝ።