ነፋሱን እይልኝ

የኢላማ ተኩስ እንደምወድ የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ዓይኔ ነው፤ ቀጥሎ ስለ እጄ። ለቅርብ ርቀት ጥያቄው ልክ ነው። 1000 ያርድ ላይ ግን፣ ማለትም 914 ሜትር ላይ፣ ዓይንና እጅ የሥራው ግማሽ እንኳ አይሆኑም። የቀረው ነፋስ ነው።

በቁጥር ላስረዳ። የምንተኩሰው 7.62 ሚሊ ሜትር ጥይት ያንን ርቀት ለመጨረስ ከአንድ ሰከንድ ተኩል በላይ ይፈጅበታል። በሰዓት 10 ማይል የሚነፍስ ነፋስ ከጎን ከመታው፣ ኢላማው ጋ ሲደርስ ከ2 ሜትር በላይ ተገፍቶ ነው። የምንፈልገው የመሃል ክብ ደግሞ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የ10 ማይልና የ12 ማይል ነፋስ ፊትህን ሲነካህ ለይተህ መናገር ትችላለህ? ያቺ የ2 ማይል ልዩነት ብቻ ጥይቱን ከክቡ ታስወጣዋለች።

የምተኩሰው ከለንደን ደቡብ ምዕራብ፣ ሰሪ ውስጥ፣ ቢዝሊ በሚባል ቦታ ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር ዓመታዊ ውድድሩን ከዊምብልደን ወደዚያ ያዛወረው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። ስቲክልዳውን የሚሉት የረጅም ርቀት ሜዳ ላይ በሆዳችን ተኝተን፣ ማንገቻውን ክንዳችን ላይ ጠቅልለን እንተኩሳለን። ጠመንጃው ላይ አጉሊ መነጽር የለም። ከኋላ ትንሽ ቀዳዳ፣ ከፊት ቀለበት፣ በቃ። ቴሌስኮፑ ከጎናችን በማቆሚያ ይተከላል፤ እሱም በዋናነት ነፋስ ለማየት ነው።

ነፋስ አይታይም፤ የሚታየው የነካው ነገር ነው። በሜዳው ርዝመት ባንዲራዎች ተሰቅለዋል። ጨርቅ ግን ከባድ ስለሆነ የሚናገረው ዘግይቶ ነው። ፈጥኖ የሚናገረው ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው የሚነሳው መርገብገብ ነው፤ በጋ ላይ አስፋልት ዳር የምናየው ዓይነት። ተኳሾች ሚራዥ ይሉታል። ቴሌስኮፑን ከኢላማው ትንሽ ቀረብ አድርገህ ስታስተካክለው፣ አየሩ እንደ ቀጭን ወንዝ ሲፈስ ታያለህ። ነፋሱ ቀላል ሲሆን መርገብገቡ ያዘነብላል፤ ሲበረታ ተጋድሞ ይሮጣል። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከፈላ ግን ተጠንቀቅ። ወይ ነፋስ የለም፣ ወይ ነፋሱ በትክክል ከፊትህ ወይም ከኋላህ ነው።

ጀማሪ የሚፈራው ከጎን የሚመጣውን ብርቱ ነፋስ ነው። ባንዲራው ቀጥ ብሎ ሲያጨበጭብ ያስደነግጣላ። እሱ ግን ሐቀኛ ነው። ሙሉ በሙሉ ከጎን የሚመጣ የ10 ማይል ነፋስ አቅጣጫውን 10 ዲግሪ ቢቀይር፣ ጥይቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ያው ነፋስ ከኋላህ ሆኖ 10 ዲግሪ ወደ ግራ ቢል 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወስድብሃል፤ ወደ ቀኝ ቢል ደግሞ ያንኑ ያህል በሌላው በኩል። ጀርባህ ላይ ስለሚነፍስ ምንም የተለወጠ አይመስልህም።

ይህን አንድ ቀን በስልክ ለአባቴ ልነግረው ሞከርኩ። እሱ ዕድሜውን በሙሉ ገበሬ ነው፤ ጠመንጃ ሲባል ሌላ ነገር ነው የሚመጣበት።

"ልጄ፣ እዚያ አገር ምን ትተኩሳለህ?"

"ወረቀት ነው አባዬ።"

"ወረቀት ምን አደረገህ?"

ሳቅንና ስለ ነፋሱ ነገርኩት። እሱን ወዲያው ገባው። አውድማ ላይ ገብስ ሲያዘራ መንሹን አንስቶ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው፤ ፍሬው እግሩ ሥር ይወርዳል፣ እብቁን ነፋሱ ይወስደዋል። ረጅምና ሹል ጥይትም አየር ስለማይዘው ትንሽ ይገፋል፤ ደንባራው ብዙ። "ነፋሱ ሲዞር አርፈህ ቁም፤ የጀመርክበት ይመለሳል" አለኝ። ቢዝሊም የሚመክሩት ይህንኑ ነው፦ ደጋግሞ የሚመጣውን ነፋስ ምረጥ፣ እሱ ሲመለስ ተኩስ።

ግን ሰዓት አለ፤ ሁልጊዜ መጠበቅ አይቻልም። እዚህ ላይ ነው የሌላ ሰው ዓይን የሚያስፈልገው። በግል ውድድር ማንም ሊነግርህ አይፈቀድለትም። በቡድን ውድድር ግን ከተኳሹ አጠገብ ነፋስ የሚያነብ ሰው ይቀመጣል፤ ማስተካከያውን በቁጥር ይናገራል፣ ተኳሹ ያነጣጥራል። እኔ አሁን ብዙውን ጊዜ የምሠራው ይህን ነው፤ ጡረታ ለወጡ አንድ የባቡር መሐንዲስ። በእንግሊዝኛ በስማቸው ነው የምጠራቸው፤ በልቤ ግን አንቱ እላቸዋለሁ። ዓይናቸው መርገብገቡን መለየት አቁሟል። "ጥቁሩን ክብ አያለሁ፤ ነፋሱን አንተ እይልኝ" ብለውኛል። በግል መወዳደር ትተዋል። የቀራቸው ቡድኑ ነው።

ባለፈው በጋ የመጨረሻዎቹ ጥይቶች ላይ ነፋሱ ከኋላችን ሆነ። ባንዲራዎቹ ወደቁ፣ መርገብገቡ ፈላ። ጉንጫቸው ሰደፉ ላይ፣ ጣታቸው ቃታው አጠገብ ነው።

"ይቆዩ" አልኩ። ቆዩ። ደግሜ "ይቆዩ" አልኩ።

እንደዚህ ባለ ጊዜ "ምናልባት" ማለት ያምረኛል፤ ያደግኩት "እንግዲህ እናያለን" በሚባልበት ቤት ነው። ማነጣጠሪያው ላይ ግን ምናልባት የሚል መስመር የለም። ቁጥሩ ቢሳሳት ደግሞ ውጤቱ የሚመዘገበው በእሳቸው ስም እንጂ በእኔ አይደለም።

መርገብገቡ ከግራ ወደ ቀኝ ዘንበል አለ። "ግራ፣ ሁለት ደቂቃ" አልኩ። ደቂቃ ስል የዲግሪን አንድ ስልሳኛ ነው፤ እዚያ ርቀት ላይ 27 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። አዞሩ፣ ተኮሱ። ኢላማው ወረደ። ጉድጓድ ውስጥ ያሉት ሰዎች የጥይቱ ቀዳዳ ላይ ምልክት ሰክተው መልሰው አነሱት። ክቡ ውስጥ ነው፣ ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ።

"ምን አይተህ ነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው።

"እኔ ምንም አላየሁም" አሉ ቀስ ብለው፤ ከዚያ ቀጣዩን ጥይት አጎረሱ።

ለመጪው ቅዳሜ ትንበያው ነፋስ የለም ይላል። ደውዬ ስነግራቸው ሳቁ። "እንግዲያው ቴሌስኮፕህን ደህና አድርገህ ጥረገው" አሉኝ።