ያልተበላሸው ዋይፋይ ካርድ

ዊንዶውስ ላይ ሲሠራ የዋለው ዋይፋይ ወደ ኡቡንቱ ሊኑክስ ሲዞሩ ድራሹ ይጠፋል። ሲግናል አነሰ ማለቴ አይደለም፤ ላፕቶፑ ካርድ ያለውም አይመስል። «ካርዱ ተቃጥሏል» የሚለው ፍርድ ቶሎ ይመጣል። በአንዱ ሲስተም የሚሠራ ካርድ ግን አልተቃጠለም። አዲስ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበት ማሽኑ ለመጨረሻ ጊዜ እንዴት እንደጠፋ ነው።

*

እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ወዲህ «ሻት ዳውን» ሁልጊዜ ሙሉ መዝጋት አይደለም። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ስልት የተጠቃሚውን ፕሮግራሞች ይዘጋና ከርነሉን፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ ከነድራይቨሮቹ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ፈጥኖ ለመነሳት። አንዳንድ ካርዶችም ዊንዶውስ መልሶ እስኪቀሰቅሳቸው እንደተኙ ይቀራሉ። በመሐል ሊኑክስ ይነሳል፤ እሱ ባላስተኛው ካርድ ላይ ፈርምዌር (ካርዱ ራሱ የሚሠራበትን ፕሮግራም) ሊጭን ይሞክራል፣ መልስ ሲያጣም ይተወዋል።

*

ሪስታርት ግን በእውነት ይዘጋል። ስለዚህ በሪስታርት የሚሻገር ሰው ችግሩን ላያየው ይችላል፤ ማታ አጥፍቶ ጠዋት በሊኑክስ የሚከፍተው ያየዋል። አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቀን የሚጠፋው ዋይፋይ ምክንያት የለሽ የሚመስለው ለዚህ ነው። ፋስት ስታርትአፕን ከዊንዶውስ የፓወር ቅንብር ውስጥ ማጥፋት ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ሺፍትን ተጭኖ ሻት ዳውን ማድረግም ለዚያች ጊዜ ብቻ ይሠራል። እምቢ ካለ ላፕቶፑን አጥፍቶ፣ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነም አውጥቶ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰኮንድ ተጭኖ መያዝ ነው። ፋስት ስታርትአፕ ሲጠፋ የማስነሻ ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ እኔ ግን ያለማመንታት አጠፋዋለሁ።

*

ችግሩ ይህ ካልሆነ፣ ሊኑክስ ላይ «አርኤፍኪል» የሚባለው ትእዛዝ ካርዱ ታግዶ እንደሆነ ይናገራል። እገዳው የሶፍትዌር ከሆነ በዚያው ትእዛዝ ይነሳል። የሃርድዌር ከሆነ በላፕቶፑ ጎን ያለችውን ማብሪያ ማየት ነው። አንዳንድ የሌኖቮ አይዲያፓድ ሞዴሎች ግን እንዲህ ያለች ማብሪያ ሳትኖራቸው ከርነሉ ካርዳቸው ታግዷል ይል ነበር፤ ጥፋቱ የአንድ ድራይቨር ነበር።

*

ሳይታገድም የማይሠራ ካርድ ድራይቨር ወይም ፈርምዌር ጎድሎት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ የብሮድኮም ካርዶች ታሪክ ያናድደኛል። ኩባንያው የካርዶቹን አሠራር ሰነድ ለዓመታት ስላልሰጠ፣ በጎ ፈቃደኞች የተዘጋውን ድራይቨር ፈትተው መርምረው የራሳቸውን ጻፉ፤ ሥራቸው በ2006 ሊኑክስ ከርነል ውስጥ ገባ። ፈርምዌሩን ማደል ስላልተፈቀደ ግን ተጠቃሚው ከኩባንያው ድራይቨር ውስጥ እየቆረጠ ማውጣት ነበረበት። ብሮድኮም ክፍት ድራይቨር ያወጣው በ2010 ነው፤ እሱም ለአንዳንዶቹ ካርዶች ብቻ።

*

ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርጭትም ነፃ ያልሆነ ፈርምዌርን ከዋናው መጫኛው ለይቶ ቆይቷል። አቋሙ የሚከበር ነው፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ፈርምዌር ለማውረድ ዋይፋይ፣ ዋይፋይ ለማግኘት ፈርምዌር የሚያስፈልገው ጀማሪ ነበር። አባላቱ በ2022 ድምፅ ከሰጡ በኋላ፣ ከ2023ቱ ዴቢያን 12 ጀምሮ ፈርምዌሩ አብሮ ይመጣል። አሮጌ መጫኛ ብቻ ያለው ሰው ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቶ ዳታውን ያጋራ፤ ሊኑክስ አብዛኞቹን ስልኮች እንደ ኔትወርክ ካርድ ይቀበላቸዋል።