ዝም ያለው ጥርስ

በሰው ላይ ከሚደርሱት ሕመሞች መካከል የጥርስ ሕመምን ያህል ሌሊቱን የሚያስረዝም ያለ አይመስለንም። ቀን በሥራና በጨዋታ ተዘንግቶ የዋለው ሕመም፣ ራስ ከትራስ ላይ ባረፈ ጊዜ እንደ አዲስ ይነሣል፤ ባለቤቱንም አስነሥቶ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያመላልሰዋል። እኛንም በታችኛው መንገጭላችን በግራ በኩል የሚገኝ አንድ መንጋጋ አያሌ ሌሊት እንዲህ አስቈጥሮናል። በዚያ ጊዜ ያየነውና የሰማነው ለሌላውም ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

የጥርስ ሕመምተኛ መካሪ አያጣም። ቅርንፉድ ንከሱበት ያሉን አሉ፤ ነጭ ሽንኩርት አድርጉበት ያሉን፣ በጨው ውሃ ተጉመጥመጡ ያሉንም አሉ። በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት የሚሠሩ አንድ አዛውንት ግን፣ «ልጄ፣ የጥርስ መድኃኒቱ መነቀሉ ነው፤ ንቀለውና ተገላገል» አሉን። ይህ ምክር የርሳቸው ብቻ አይደለም፤ ከብዙ ሰው አፍ የሚሰማ ነው። ዋጋውም ይደግፈዋል፤ ጥርስን ማስነቀል ሥሩን ከማሳከም እጅግ ይረክሳልና። ደመወዝ ጠብቆ ለሚኖር ሰው ደግሞ ይህ የሚናቅ ምክንያት አይደለም።

ከሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ተቀብለን ቀኑን ስንጠብቅ፣ ሕመሙ በድንገት ጸጥ አለ። እንቅልፋችንም ተመለሰ። ባልንጀሮቻችን «እንኳን እግዜር ማረህ» አሉን፤ ገንዘቡንም ከኪሳችን እንደ ተረፈ ቈጠሩልን። እኛ ግን የተቈረጠ ቀን ይከበር ብለን በቀጠሯችን ሄድን።

ሐኪሙ በጥጥ ላይ እጅግ የቀዘቀዘ መድኃኒት አድርገው ጤነኛውን ጥርስ ባስነኩት ጊዜ ብርዱ ዘልቆ ተሰማን፤ የታመመውን ባስነኩት ጊዜ ግን ምንም አልተሰማንም። በመስተዋቱ እጀታ ቀስ አድርገው ቢመቱት ከሥሩ ድንዝዝ ያለ ሕመም መለሰ። ራጁም ከሥሩ ጫፍ፣ በአጥንቱ ውስጥ፣ ጥቁር ጥላ አሳየ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ፣ «የእርስዎ ሕመም የቆመው ጥርሱ ስለ ዳነ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ነርቭ ስለ ሞተ ነው። በሽታው ግን ወደ አጥንቱ እየወረደ ነው» ሲሉ አስረዱን።

ይህ ነገር እጅግ አስደነቀን። ጥርስ ከውጭ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በመካከሉ ነርቭና የደም ሥር ያለበት ለስላሳ ሥጋ አለው። ይኸውም ሥጋ በቀጫጭን ቦዮች እስከ ሥሩ ጫፍ ይወርዳል። የታችኛው መንጋጋ ብዙውን ጊዜ 2 ሥሮችና 3 ቦዮች አሉት። ነርቩ የሕመም መልእክተኛ ነው፤ መልእክተኛው በሞተ ጊዜ ወሬው ይቋረጣል እንጂ ጠላት አይመለስም።

«ይነቀል ወይስ ይታከም?» ተብለን በተጠየቅን ጊዜ ጥቂት አሰብን። ይህ መንጋጋ በ6 ዓመት ዕድሜ ገደማ የሚበቅል ነው፤ እንግዲህ ፊደል ስንቈጥር ጀምሮ ያልተለየን ነው ማለት ነው። የወተት ጥርሳችንን ጣራ ላይ ወርውረን በፈንታው ሌላ በቅሎልናል፤ ይህ ግን ምትክ የለውም። ከተነቀለም ጎረቤቶቹ ወደ ባዶው ስፍራ እንደሚያዘነብሉ ሐኪሙ ነገሩን። ስለዚህ ይታከም አልን።

ማደንዘዣው በተወጋ ጊዜ ከንፈራችንና የምላሳችን እኩሌታ የሌላ ሰው መሰሉን። ምራቅ እንዳይገባበት በጥርሱ ዙሪያ ስስ ላስቲክ ተዘረጋ። ጥርሱ ከላይ ተከፍቶ፣ እንደ መርፌ በቀጠኑ ሞረዶች ቦዮቹ አንድ በአንድ ተፋቁ፤ ከበረኪና ጋር ዘሩ አንድ በሆነ መድኃኒትም ታጠቡ። በውነቱ የከበደን ሕመሙ ሳይሆን አፍ ከፍቶ መቈየቱ ነበር። ለጊዜው ተደፍኖ ከሰነበተ በኋላ፣ በሁለተኛው ቀጠሮ ቦዮቹ ጉታፐርካ በሚባል ነገር ተሞሉ። ጉታፐርካ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከሚበቅል ዛፍ የሚገኝ ሙጫ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት በባሕር ውስጥ የተዘረጋው የቴሌግራፍ ሽቦ የተሸፈነው በዚሁ ነበር። ያን ጊዜ የባሕርን ውሃ ከሽቦው የከለከለ፣ ዛሬ ተሐዋስያንን ከጥርሳችን ሥር ይከለክላል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1895 ሮንትገን ራጅን ባያገኝ፣ ሊዶኬይን የተባለውም ማደንዘዣ በ1943 ባይሠራ ኖሮ፣ ይህ ሁሉ እንዴት በሆነ ነበር? አያቶቻችን ጉጠትን የመረጡት ሌላ ምርጫ ስላልነበራቸው ነው።

ዛሬ መንጋጋችን ክዳን ለብሶ እንደ ወንድሞቹ ቆሎውን ይቈረጥማል። ነገር ግን ከእንግዲህ መልእክተኛ የለውም፤ ቢቦረቦር አይነግረንምና በየጊዜው ለሐኪም ልናሳየው ይገባናል። መምህራንም ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱ ብዙ ጥርስ ከጉጠት ይድናል።

ይልቁንም እኛ የመንግሥት ሠራተኞች አንድ ነገር ልብ እንበል። ሲጮኽ የነበረ ሕመም ጸጥ ባለ ጊዜ፣ ዳነ ወይስ ሞተ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በየቀኑ በበራችን አቤት ሲል የነበረ ባለጉዳይም መምጣቱን ቢተው፣ ጉዳዩ ተፈጸመለት ማለት አይደለምና መዝገቡን ከፍቶ ማየት ይገባል።