ድንኳን አዝሎ ጢስ ዓባይ

ያቺን የወረቀት አንድ ብር ታስታውሷታላችሁ? ከጀርባዋ ፏፏቴ ነበረባት። ጢስ ዓባይ ነው። ስንቱ የደሴ ልጅ ፏፏቴውን በኪሱ ይዞ ፒያሳን ሲዞር ኖረ፤ ሄዶ ያየው ግን ስንቱ ነው?

እኛ በጥቅምት 2011 ሄድን። ሦስት ከደሴ፣ ሁለት ከኮምቦልቻ፤ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ጉዱ እዚህ ላይ ነው! ድንኳን መዋስ ምን ችግር አለው? «እማዬ፣ ውጪ ላድር ነው» ማለት ነው እንጂ ጣጣው። የአንደኛዋ እናት «ወንድምሽ ካልሄደ አትሄጂም» ብለው ቁርጡን ነገሯት። ወንድም ተብዬው ስድስተኛ ሆኖ መጣ። አኩርፎ ነው የመጣው፤ ከወልድያ እስከ ጋሸና አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

እና እህቶች፣ «ጓደኛዬ ቤት ላጠና ነው» የምትሏትን ነገር ተዉአት። አንዴ ከተነቃባችሁ ሁለተኛ ጉዞ የለም። ከውሸት ያኮረፈ ወንድም ይሻላል፤ ቢያንስ ዕቃ ይሸከማል።

መንገዱ ከጋሸና በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ ይወጣል፤ ቻይናዎች የሠሩት የድሮው መንገድ ነው። ብርዱ አይጣል ነው፤ ጋቢ ያዙ። ባሕር ዳር አድራችሁ በማግስቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስትነዱ ጢስ ዓባይ ከተማ ናችሁ።

ስንቃችን በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ሽሮ ነበር። ወሎዬዎች ነና፣ ግማሻችን እስላም ግማሻችን ክርስቲያን። ሥጋ ከተያዘ ሁለት ድስት ሊጣድ ነው። ሽሮ ከማንም አትጣላም!

ድንኳኑን የተከልነው አንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ ነው፤ አስፈቅደን፣ ከፍለን። ወንዝ ዳር ብቻችሁን መስፈር ጀብዱ እንዳይመስላችሁ። ማን እንደሆናችሁ የማያውቅ ሰፈር በውሻም በዱላም ነው የሚቀበላችሁ።

ጠዋት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን ሽቅብ ወጣን። መጀመሪያ ድምፁ ነው የሚመጣው። ቀጥሎ ፊታችሁ ይረጥባል። ከዚያ ነው ውሃው ብቅ የሚለው፤ 45 ሜትር ያህል ቁልቁል ሲምዘገዘግ! ክረምት ሲሞላ ወርዱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ያ ኩርፊያም ወንድም ከሁሉ ቀድሞ በሰበሰ። «እንሂድ» ስንለው ሦስቴ አልሰማንም። እህቱ «ተዉት፣ እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም» አለችን።

ጊዜውን ግን ዕወቁ። አንድ ወዳጄ በሚያዝያ ሄዶ «ይቺ ናት እንዴ?» ብሎ ተመልሷል። ውሃው ከ1956 ጀምሮ ለኤሌክትሪክ ሲጠለፍ የኖረ ነው፤ በ1993 ሁለተኛው ጣቢያ ሲጨመርማ ፏፏቴው በበጋ ክር እስኪመስል ቀጥኖ ነበር። ደህናው ወቅት መስከረምና ጥቅምት ነው። ችግሩ ያው ወቅት የወባም ነው። ለኮምቦልቻ ልጅ ይሄ አይነገርም፤ የደሴ ልጅ ግን ብርድ እንጂ ትንኝ አያውቅምና አጎበር ይያዝ። ከተመለሳችሁ በኋላም ትኩሳት ከያዛችሁ «የመንገድ ድካም ነው» ብላችሁ አትተኙ፤ ደማችሁን ተመርመሩ።

በ2015 መጨረሻ በክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ፣ ሳትነሱ መናኸሪያ ወርዳችሁ ሾፌሮቹን ጠይቁ። «አይሆንም» ካሏችሁ አትከራከሩ። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ድንኳኑን እዚያ ትተክላላችሁ። ፏፏቴ የላትም፤ ዓሣ ግን አላት።